ዓመት ያለፈው የእናቴ የወገብ ሕመም፦ አኩፓንክቸር ይሞከር?

የማሚ_ልጅ (ሲልቨር ስፕሪንግ)

ሰላም ለሁላችሁ። ምክር ፈልጌ ነው። እናቴ 71 ዓመቷ ነው፤ ሜሪላንድ ከእኛ ጋር ትኖራለች። የልብስ ቅርጫት ስታነሳ ወገቧ ቀጭ አለ። ቅባት ተቀባች፣ ማስታገሻ ወሰደች፣ ትንሽ ሻል አላት። ከዚያ ግን ሳይለቃት ይኸው ዓመት አለፈው። ኤምአርአይ ተነስታ «ዲስክ (በአከርካሪ አጥንቶች መሐል ያለው ትራስ) ወጣ ብሏል፤ በዕድሜ የመጣ መበላትም አለ» አሏት። ያንን ከሰማች ወዲህ ጭራሽ ባሰባት። ጎንበስ ማለት ትፈራለች። በርጩማ ላይ ተቀምጣ ቡና ማፍላት ትታለች። በዐቢይ ጾም መስገድ አለመቻሏ ደግሞ ከሕመሙ በላይ ያስለቅሳታል።

አሁን ዶክተሯ አኩፓንክቸር፣ ማለትም ቀጫጭን መርፌ ሰውነት ላይ የሚተከልበትን የቻይና ሕክምና፣ ሞክሪ አላት። እሷ «ብርድ ነው፤ ደግሞ በመርፌ ልወጋ?» ብላ እምቢ አለች። ነገሩ እውነት ይሠራል? ሜዲኬር (የአሜሪካ መንግሥት የአረጋውያን የጤና መድን) ይከፍላል? ለመሆኑ ዓመት ሙሉ የማይለቅ የወገብ ሕመም ምን ዓይነት ነው?

ታክሲ_ነጂ (ሲያትል)

እግዜር ይማርልሽ እህቴ። እኔ ለዓመታት መሪ ጨብጬ ስውል አንገቴና ወገቤ አለቁ። መርፌውን ሞክሬዋለሁ። ለእናትሽ የምትነግሪያት ይህን ነው፦ የክትባት መርፌ ዓይነት አይደለም። ሲገባ ብዙም አይሰማም፤ ከገባ በኋላ ውስጥ ውስጡን ከበድ የሚል፣ የመደንዘዝ ዓይነት ስሜት አለው። ለግማሽ ሰዓት ያህል ተኝተሽ ትቆያለሽ። እኔን ከሁሉ በላይ የጠቀመኝ እንቅልፌን መመለሱ ነው። ሕመሙ ፈጽሞ ጠፋ አልልም፤ ግን ከቤት ወጥቼ መራመድ ጀመርኩ፤ ከዚያ በኋላ ለውጡ መጣ።

ፊዚዮ_ቨርጂኒያ

እህቴ፣ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ነኝ። የመጨረሻ ጥያቄሽን ላስቀድም፤ እሱ ካልተመለሰ የመርፌው ጉዳይ በትክክል አይገባም።

አጣዳፊ ሕመም ሥራ አለው። እጅሽ የጋለ ምጣድ ሲነካ መጀመሪያ ስል የሆነ ውጋት ይሰማሻል፤ እሱን የሚያደርሱት ፈጣን ነርቮች ናቸው። ከአፍታ በኋላ የሚያቃጥልና የሚቆይ ሕመም ይከተላል፤ እሱ የሚመጣው በሰከንድ ከ2 ሜትር በማይበልጥ ፍጥነት በሚያስተላልፉ ቀጫጭን ነርቮች ነው። ሁለቱም ወደ ህብለሰረሰር ይገቡና ወደ አንጎል ይወጣሉ። እ.ኤ.አ. በ1965 ሮናልድ ሜልዛክና ፓትሪክ ዎል ያሳተሙት ንድፈ ሐሳብ አንድ ትልቅ ነገር አስተማረ፦ ህብለሰረሰር የመጣለትን ሁሉ እንዳለ አያሳልፍም። ያጎላል ወይም ያደክማል። የተመታ ቦታ ስናሽ ቀለል የሚለን ለዚህ ነው። ከአንጎልም ወደ ታች የሚወርድ ትእዛዝ አለ፤ ሰው በድንጋጤ ውስጥ ሆኖ ቁስሉ ሳይሰማው የሚሮጠው በዚህ ምክንያት ነው።

የተጎዳው ጡንቻ ወይም ጅማት አብዛኛውን ጊዜ በሳምንታት ውስጥ ይድናል። ሕመሙ ከ3 ወር ካለፈ ግን ሥር የሰደደ ይባላል፤ ልዩነቱም የጊዜ ብቻ አይደለም። መልእክት ተቀባዩ የነርቭ ሥርዓት ራሱ ይለወጣል። ክሊፎርድ ዉልፍ የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1983 ያሳየው ይህንኑ ነው፤ ተደጋጋሚ የሕመም መልእክት የደረሳቸው የህብለሰረሰር ሴሎች ከዚያ በኋላ ለትንሽ ንክኪም ብዙ ምላሽ መስጠት ይጀምራሉ። ሌባ ገብቶበት የሚያውቅ ግቢ ውሻ ሌባው ከሄደ በኋላም ቅጠል ሲንኮሻኮሽ ይጮሃል። ጩኸቱ እውነተኛ ነው፤ ሌባው ግን ግቢው ውስጥ የለም።

ስለዚህ እናትሽን ማንም ሰው «የሐሳብ ነው» እንዳይላት። ሕመሟ እውነተኛ ነው። ግን «አመመኝ ማለት ወገቤ እየተሰበረ ነው» የሚለው ሐሳብ ትክክል አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ በሥራ ላይ ባዋለው የበሽታዎች መመደቢያ ሥር የሰደደ ሕመምን ራሱን የቻለ የጤና ችግር አድርጎ መዝግቦታል።

ስለ ኤምአርአዩም አንድ ነገር ልበል፤ ብዙ ሐበሻ እናቶች በዚያ ወረቀት ተሰብረው ሲመጡ አያለሁና ያሳዝነኛል። ምንም የወገብ ሕመም የሌላቸውን ሰዎች ምስል የሰበሰበ እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ ጥናት አለ። በ50 ዓመታቸው ካሉ ጤነኞች 60 በመቶው ወጣ ያለ ዲስክ ነበራቸው፤ 80 በመቶው ደግሞ ያረጀ ዲስክ። በ80 ዓመት እርጅናው 96 በመቶ ይደርሳል። እነዚህ ሰዎች ምንም አላመማቸውም! የ71 ዓመት ሰው ዲስክ ይህን ካሳየ ብዙ ጊዜ የፀጉር ሽበት ማለት ነው።

ነርስ_ፍራንክፈርት

ፊዚዮ ያለው ሁሉ ልክ ነው፤ ግን አንድ ነገር ከዚህ መቅደም አለበት። ዶክተሯ እነዚህን አይተው አልፈዋል? ሽንት ወይም ሰገራ መቆጣጠር አቅቷት ያውቃል? በምትቀመጥበት አካባቢ፣ በጭኖቿ መሐል፣ መደንዘዝ አለ? እግሯ እየሰነፈ ነው? ትኩሳት፣ የሌሊት ላብ፣ ያለ ምክንያት መክሳት? ካንሰር ታክማ ታውቃለች? ከወደቀች በኋላ የጀመረ ከሆነ ደግሞ በዚህ ዕድሜ የአጥንት መሳሳት ይታሰባል። ከሀገር ቤት ለመጡ ሰዎች የአከርካሪ ቲቢንም እጨምራለሁ፤ ቀስ ብሎ የሚሄድ በሽታ ስለሆነ ለዓመት «ወገብ ነው» እየተባለ ሊቆይ ይችላል። የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ ድንገት ከመጡ ቀጠሮ አይጠበቅም፤ በዚያው ሰዓት ድንገተኛ ክፍል ነው።

የማሚ_ልጅ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ይህን ሁሉ ጠይቀዋታል፣ የደም ምርመራም አድርገውላታል፤ ከእነዚህ አንዱም የለባትም። የሽበቱን ነገር ስነግራት ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለች። አሁን ወደ መርፌው እንሂድ።

ማስረጃ_አምጣ

ሰው ከመንገድ እንዳይስት እኔ ልናገር። የጀርመኑን ትልቅ ጥናት የሚያውቅ አለ? እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣው፤ ሥር የሰደደ የወገብ ሕመም ያለባቸው 1162 ሰዎች የተሳተፉበት። ለአንዱ ቡድን ትክክለኛው አኩፓንክቸር ተሰጠ። ለሌላው የማስመሰያ መርፌ፣ ማለትም ቦታው ያልሆነ ቦታ ላይ፣ ላይ ላዩን ብቻ። ከ6 ወር በኋላ በመጀመሪያው ቡድን 47.6 በመቶ፣ በማስመሰያው 44.2 በመቶ ተሻላቸው። ይህ ልዩነት ነው? እንግዲህ ቻይናዎች የሚሉት የኃይል መስመር፣ የነጥቦቹ ካርታ፣ ሁሉም የት ገባ? የትም ቢወጉ ያው ከሆነ ሰውን የሚያድነው እምነቱ ነው። እምነት ደግሞ በገንዘብ አይሸጥም።

ነርስ_ፍራንክፈርት

ጥናቱን በትክክል ጠቅሰኸዋል፤ ሦስተኛውን ቡድን ግን ተውከው። በመድኃኒት፣ በፊዚዮቴራፒና በእንቅስቃሴ የተለመደውን ሕክምና ያገኙት ውስጥ የተሻላቸው 27.4 በመቶ ብቻ ነበሩ። ያ ቁጥር ነው እዚህ ጀርመን ውሳኔውን የለወጠው። እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ የሕዝብ የጤና መድን ቢያንስ 6 ወር ለቆየ የወገብ ሕመምና ለጉልበት መገጣጠሚያ መበላት ይከፍላል፤ ለራስ ምታት ግን አይከፍልም። የሚወጋውም ተጨማሪ ሥልጠና የወሰደ ሐኪም መሆን አለበት።

ፊዚዮ_ቨርጂኒያ

ማስረጃ አምጣ፣ ጥያቄህ ተገቢ ነው፤ በግማሹ እስማማለሁ። እኔም የኃይል መስመር የሚባለውን አላስተምርም። መርፌው የት ቦታ በትክክል ይግባ የሚለው ብዙም ለውጥ እንደማያመጣ ከብዙ ጥናት ታይቷል። የተሻለውን መረጃ የያዘው እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው ስብስብ ነው፤ 39 ጥናቶች፣ 20,827 ሕሙማን። እዚያ ትክክለኛው መርፌ ከማስመሰያው ይበልጣል፤ ግን በትንሹ። ምንም ካለማድረግ ጋር ሲነጻጸር ደግሞ ልዩነቱ ሰፋ ይላል፤ ጥቅሙም ከዓመት በኋላ በአብዛኛው አልጠፋም።

«እምነት ነው» ስትል ግን ቆም እንበል። የማስመሰያ መርፌ ማለት ምንም አለማድረግ ማለት አይደለም፤ እሱም ቆዳ ይነካል፣ ነርቭ ያነቃል። ደግሞም እ.ኤ.አ. በ1978 ጥርስ በተነቀሉ ሰዎች ላይ የተሠራ ጥናት አለ፦ ባዶ መድኃኒት ወስደው ሕመሙ ቀለል ያላቸው ሰዎች ናሎክሶን ሲሰጣቸው ሕመሙ ተመለሰ። ናሎክሶን የሞርፊንን ሥራ የሚያግድ መድኃኒት ነው። ይህ ማለት ሰው እፎይታን ሲጠብቅ አንጎሉ የራሱን ማስታገሻ ያመነጫል ማለት ነው። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት መርፌ የሰጠው እፎይታም በናሎክሶን ሲቀንስ ታይቷል። ስለዚህ መርፌው የሚሠራው በምትሐት ሳይሆን ሰውነት ራሱ ባለው የማስታገሻ መንገድ በኩል ነው፤ ከፊሉ ከመርፌው፣ ከፊሉ ከመጠበቁ፣ ከፊሉም ሰው ግማሽ ሰዓት ሙሉ ትኩረት ሰጥቶ ስለያዘሽ።

የእኔ አቋም ይህ ነው፦ አኩፓንክቸር ሥር የሰደደ ሕመምን አይነቅልም። ለሳምንታት የሕመሙን ድምፅ ዝቅ ያደርጋል። ያ ጊዜ ሰውየው ትቶት ወደነበረው እንቅስቃሴ የሚመለስበት ከሆነ ገንዘቡም ጊዜውም ተገቢ ነው። ተወግታ ወደ ሶፋዋ የምትመለስ ከሆነ ግን መርፌው ሲያልቅ ነገሩ ሁሉ ባለበት ነው።

አዳነች_ለንደን

የሚገርማችሁ እዚህ እንግሊዝ ያለው ነገር ነው። የሕክምና መመሪያ የሚያወጣው ናይስ እ.ኤ.አ. በ2016 ለወገብ ሕመም አኩፓንክቸር አትስጡ አለ። በ2021 ደግሞ ሌላ ምክንያት ላልተገኘለት ሥር የሰደደ ሕመም መስጠት ይቻላል አለ፤ ያውም ፓራሲታሞልን፣ አይቡፕሮፌንን፣ ትራማዶልን የመሳሰሉትን ለዚህ ሕመም አትጀምሩ ብሎ! አንዱ ቤት ውስጥ ሁለት መመሪያ። እኔ ፋይብሮማያልጂያ (መላ ሰውነትን የሚያም ሥር የሰደደ ሕመም) ስላለብኝ በሁለተኛው ተጠቅሜያለሁ፤ ወገቧን ብቻ የሚያማት ጓደኛዬ ግን አልተፈቀደላትም። ያንገበግበኛል።

አዲሳባ_ፋርማሲ

ስለ ማስታገሻው አንድ ቃል ካዲስ አበባ ልጨምር። እዚህ መደርደሪያችን ፊት ቆሞ «ዲክሎፌናክ ስጠኝ» የሚለው ሰው ብዛት! ለአጣዳፊ ሕመም ለጥቂት ቀን ጥሩ ነው። ለወራት ሲወሰድ ግን ጨጓራ ያደማል፣ ኩላሊት ይጎዳል፣ ግፊት ከፍ ያደርጋል፤ ደም ግፊትና ስኳር ያለባቸው እናቶች ላይ ደግሞ ይከፋል። ትራማዶልም እንዲሁ በቀላሉ የሚታይ አይደለም፤ ሰውነት ይለምደዋል። አኩፓንክቸር ቢያንስ በዚህ በኩል ይሻላል። እዚህ ለሚጠይቁ፦ አቃቂ ያለው ጥሩነሽ ቤጂንግ ሆስፒታል ውስጥ የቻይና ሐኪሞች ይሰጡታል።

ታክሲ_ነጂ (ሲያትል)

አንድ ነገር ልጠይቅ። አባቴ ሀገር ቤት ዋግምት ያስደርጉ ነበር፤ ትከሻቸው ላይ ቀንድ ይደረግና ደም ይወጣል። ያው አይደለም እንዴ?

ነርስ_ፍራንክፈርት

አይደለም ወንድሜ። ዋግምት ቆዳ በምላጭ ተበጥቶ ደም ይሳባል። ያው ምላጭና ያው ቀንድ ከሰው ወደ ሰው ሲዞር ሄፓታይተስ ቢና ኤችአይቪ ሊያስተላልፍ ይችላል፤ አባቶቻችንን አክብሬ ነው የምናገረው። የአኩፓንክቸር መርፌ ውስጡ ክፍት አይደለም፣ ምንም አይከተብበትም፣ ውፍረቱ ብዙ ጊዜ ከ0.3 ሚሊሜትር አይበልጥም። አንዴ ተጠቅመው ይጥሉታል። ፓኬቱ ፊቷ ሲቀደድ ማየት መብቷ ነው፤ ካላየች ትጠይቅ።

ጉዳቱ በአብዛኛው ቀላል ነው፤ ትንሽ ደም፣ ሰማያዊ ምልክት፣ ማዞር። ለዚህ ነው ሳትበላ መሄድ የሌለባት፤ በጾም ወቅት ቀጠሮውን ከምሳ በኋላ ብታደርገው ጥሩ ነው። አልፎ አልፎ ከሚከሰቱት ከባዱ ሳንባ መወጋት ነው፤ ደረትና ትከሻ አካባቢ በጥልቀት የሚወጋ ያልሠለጠነ ሰው የሚያመጣው ነው። ዋርፋሪን ወይም ሌላ ደም ማቅጠኛ የምትወስድ ከሆነ አስቀድማ ትንገራቸው፤ መከልከያ ሳይሆን ጥንቃቄ የሚጠይቅ ነው። መድኃኒቱን በራሷ እንዳታቋርጥ። የልብ ምት ማስተካከያ መሣሪያ ካላት ደግሞ በኤሌክትሪክ የሚሠራው ዓይነት ይቅር።

ፊዚዮ_ቨርጂኒያ

የሜዲኬሩን ልመልስ፤ እዚህ አካባቢ ብዙ ወገን ሳያውቀው ከኪሱ ይከፍላል። ሜዲኬር እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 2020 ጀምሮ ይሸፍናል፤ ለአንድ ነገር ብቻ፣ ለታችኛው ወገብ ሕመም። አንገት፣ ጉልበት፣ ራስ ምታት የለበትም። ሕመሙ 12 ሳምንት ወይም ከዚያ በላይ የቆየ፣ ከካንሰር፣ ከኢንፌክሽን፣ ከቀዶ ሕክምና ጋር ያልተያያዘ መሆን አለበት። በ90 ቀን ውስጥ እስከ 12 ጊዜ ይፈቅዳል። ለውጥ ከታየ 8 ይጨመራል፤ በዓመት ከ20 አይበልጥም። ለውጥ ከሌለ ይቆማል። ይህ ደንብ በሕክምናውም በኩል ትክክል ይመስለኛል፤ ለውጥ ሳይኖር ለዓመታት የሚያመላልስ ቤት ካየሽ ሽሺ።

የሚያጋጥመው ችግር፣ የአኩፓንክቸር ባለሙያው ራሱ ሜዲኬርን በቀጥታ ማስከፈል አይችልም። በሐኪም ክሊኒክ ውስጥ፣ በሐኪም ወይም በነርስ ፕራክቲሽነር ክትትል ሥር መሆን አለበት። ስለዚህ መንገድ ዳር ያለውን ቤት ከመግባትሽ በፊት ስልክ ደውለሽ «ሜዲኬር ፓርት ቢ ትቀበላላችሁ?» በይ፤ ፓርት ቢ የሐኪም ቤት ምልልስን የሚሸፍነው ክፍል ነው። የዓመቱ ተቀናሽ (መድኑ መክፈል ከመጀመሩ በፊት ከኪሷ የምትከፍለው) ከተሟላ በኋላ 20 በመቶው የእሷ ድርሻ ነው፤ ሜዲኬድ (ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ የሚሰጠው መድን) ካላትም ጠይቂ።

ከዚያ ለእናትሽ ግብ አብራችሁ አስቀምጡ። «ሕመሙ ከ10 ስንት ነው?» የሚለውን ጥያቄ ለክሊኒኩ ተዪለት። እናንተ የምትለኩት ሌላ ነው። በመጀመሪያ ከፍ ባለ ወንበር ተቀምጣ ቡና ታፍላ። ከዚያ ዝቅ ወዳለው፣ ከዚያ ወደ በርጩማው። ስግደቱም እንዲሁ፤ መጀመሪያ ጠረጴዛ ይዛ ጎንበስ ቀና፣ ቀጥሎ አልጋ ጠርዝ ላይ ተደግፋ መንበርከክ። ከእሷ በላይ ስግደትን የሚወድ የለምና ከእሱ የተሻለ የወገብ እንቅስቃሴ ፈልጌ አላዝላትም። ትንሽ ቢያማትም አትደንግጡ፤ በማግስቱ ወደነበረበት ከተመለሰ ልኩ ነው፤ ለቀናት ከጠናባት መጠኑን ቀንሱ።

ማስረጃ_አምጣ

ሦስተኛውን ቡድን ሳልጠቅስ ማለፌን ነርሷ በትክክል አይታዋለች። በነጥቦቹ ካርታ አሁንም አላምንም። ግን በዚህ አጠቃቀም፣ ጊዜ ገድቦ፣ ከእንቅስቃሴ ጋር፣ ለማንም እናት አልከለክልም። «ካንሰር እናድናለን፣ ስኳር እናጠፋለን» የሚሉትን ግን እዚህ ውይይት ላይ ማንም እንዳያስተዋውቅ።

የማሚ_ልጅ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ፊዚዮ፣ ስለ ስግደቱ ያልከውን ሳነብላት «ይሄ ልጅ የማነው?» አለች። ለማየት ያህል እሄዳለሁ ብላለች። ሜዲኬር የሚቀበል ክሊኒክ ሐኪሟ በኩል አግኝተናል።

ከሪያድ_እህት

ይቅርታ፣ ውይይቱን ሳነብ ልቤ ተንጠለጠለ። እኔ የቤት ሠራተኛ ነኝ። ከትናንት ጀምሮ ከጀርባዬ እስከ ጡቴ ሥር በአንድ ጎን ብቻ እሳት እሳት ይለኛል፤ ዛሬ ውሃ የቋጠረ ነገር ተሰልፎ ወጣ። አብራኝ ያለችው ልጅ ዋግምት ላድርግልሽ ትላለች። አኩፓንክቸር ይሻለኛል?

አዲሳባ_ፋርማሲ

እህቴ፣ ሁለቱንም ተዪ! የገለጽሽው አልማዝ ባለጭራ ይመስላል፤ በልጅነት የያዘሽ የጉድፍ ቫይረስ ነርቭ ውስጥ ተደብቆ ቆይቶ ሲነሳ የሚመጣ ነው። ዛሬውኑ ሐኪም ዘንድ ሂጂ፤ ለአሠሪሽ «ሒዛም ናሪ» በያት፣ ዐረቦች የሚጠሩት እንዲህ ነው። አሲክሎቪር ወይም ቫላሲክሎቪር የሚባል መድኃኒት አለ፤ ሽፍታው በወጣ በ72 ሰዓት ውስጥ ሲጀመር ነው በደንብ የሚሠራው። ቁስሉን አትበጪ፣ ቅጠልም አትለጥፊበት፤ ሸፍነሽው እጅሽን ታጠቢ። ጉድፍ ይዟት የማታውቅ ነፍሰ ጡርና ጨቅላ ሕፃን ቁስሉን እንዳይነኩ፣ በተለይ የምትይዢው ሕፃን ካለ ለእናቱ ንገሪያት።

ይህን ያህል የማስቸኩልሽ አንዳንድ ሰው ላይ ሽፍታው ከደረቀ በኋላ ነርቩ ለወራት ማቃጠሉን ስለሚቀጥል ነው። ያ ከመጣም እንደ አሚትሪፕቲሊንና ጋባፔንቲን ያሉ የነርቭ ሕመም መድኃኒቶች አሉት፤ ተራው ማስታገሻ ብዙም አይነካውም። ሽፍታው ወደ ዓይንሽ ወይም ወደ አፍንጫሽ ጫፍ ከመጣ ግን የዓይን ሐኪም በዚያው ቀን ያስፈልጋል። ስትመለሺ ምን እንዳሉሽ እዚሁ ጻፊልን፤ የሰጡሽን መድኃኒት ስም ከካርቶኑ ላይ ገልብጠሽ ላኪልኝ፣ አወሳሰዱን በአማርኛ እጽፍልሻለሁ።